በትግሉ በር የያዝኋቸው እጆች

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ብዬ ጋቢ ውስጥ ደበቅሁት። ኋላ ጠላ ስቀዳ ከጣሳው ውጪ ፈሰሰ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ወጌሻ እጁ ከተንቀጠቀጠ በቃው። አጥንቱ ነው የሚላወሰው ወይስ የኔ ጣት ነው እያልሽ የሰው ክንድ አይያዝማ።

የትግል ውድድሩን ለሚያዘጋጀው ለደሳለኝ ላክሁበት። «እኔ በቅቶኛል፣ ለትግሉ በር ሌላ ሰው ፈልግ» አልሁት። እሱ ደግሞ አንቺን መረጠ። የልጅ ልጄ ስለሆንሽ አይደለም፤ የጤናውን ትምህርት ስለጨረስሽ ነው፣ እጅሽም ስለማይቸኩል። እንግዲህ የሺዬ፣ የትምህርት ቤቱን እዚያ ነግረውሻል። እዚያ ያልነገሩሽን እኔ ልንገርሽ፤ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው፣ እሜቴ አንጓች፣ ነፍሳቸውን ይማረው። እኔ የተዳርሁት ከወረታ በታች፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ከሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ውሃው ሲመጣ ሰውም ከብቱም ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ውልቃቱ፣ ወለምታው፣ ስብራቱ፣ ሁሉም ወደ እሜቴ አንጓች ደጅ ነው። እኔን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አላስነኩኝም። ጥጃ ነው ያስያዙኝ። «ጥጃ አይዋሽም። ከማይዋሽ ጀምሪ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጥጃ ሲያመው ይራገጣል፣ ሲሻለው ይጠባል። ሰው ግን ይዋሻል፤ ወንድ ልጅማ ሰው እያየው ከሆነ አጥንቱ ወጥቶ እየታየ እንኳ «ምንም አልሆንሁ» ይልሻል።

እሜቴ አንጓች ልማድ ነበራቸው። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይቆያሉ፣ እስኪሞቅ። የመጣው ሰው ይጮሃል፣ ዘመድ ይጣደፋል፤ እሳቸው ዝም። ቀጥለው ደህናውን እጅ ይይዛሉ። ቀኙ ከተሰበረ ግራውን ነው የሚይዙት። አንድ ቀን የሰውየው ወንድም ተናደደና «እሜቴ፣ የተሰበረው ይኼኛው ነው!» አላቸው። «አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ» አሉት። «ደህናውን ሳላውቀው የተሰበረውን ወዴት ልመልሰው?» አንዱ የአንዱ አምሳያ ነዋ። በደህናው ላይ ጉድጓዱንና ጉብታውን በጣትሽ ታጠኚያለሽ፣ ከዚያ ወዲያኛውን እንደዚያው ታደርጊዋለሽ።

ፊትም አያዩም ነበር። የእግር ጣት ነው የሚያዩት። «ፊት ሰው ያሳደገው ነው፣ ይታዘዛል። የእግር ጣትን ግን ማንም አላስተማረው» ይላሉ። ሲነኩት ካመመው የእግሩ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ መሬቱን እንደመያዝ ይላሉ። ፊቱ ይስቃል፣ ጣቶቹ ይናዘዛሉ።

አስረው ሲጨርሱ ደግሞ ከማሰሪያው ሥር አንድ የሰርዶ አገዳ ያስገባሉ። ኋላ ሩዝ ወደ አገራችን ሲመጣ የሩዝ አገዳ ሆነ። አገዳዋን ይስቧታል። ሳትሰበር ከወጣች ማሰሪያው ልክ ነው። ከተሰበረች ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። ማታም ጧትም እየሄዱ ይስቧታል። ጎርፍ ቢሆን፣ ዓመት በዓል ቢሆን ይሄዳሉ። ይኼንን ያዥልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትግሉ ከመጀመሪያውም ነበር። አዝመራው ታጭዶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሜዳው ሲደርቅ ጎረምሳው ጭድ ላይ ይታገላል። የአገር አቀፍ የወጣቶች ቡድን ውድድር ወረታ ላይ ይሁን የተባለው ግን በሃምሳ አለቃ ጎሹ ጊዜ ነው። ከወታደር ቤት በጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ከርብ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ባንድ ቀን ሁለት ልጆች ትከሻቸው ወለቀ። እሜቴ አንጓችን በፈረስ ወሰዷቸው፣ እኔ ከኋላ በእግሬ። መለሱላቸውና ሊሄዱ ሲሉ ሃምሳ አለቃው «ነገም ይምጡልን» አላቸው።

«ከተሰበረ በኋላ አልመጣም» አሉት። «ሳይገባ ልየው።»

«ማን ይግባ ማን አይግባ የምለው እኔ ነኝ እኮ፣ እሜቴ። ዳኛው እኔ ነኝ።»

«ዳኝነቱን ውሰድ። እኔ የምፈልገው በሩን ነው።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ግን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ። ታጋዩ ወደ ሜዳው ሳይገባ ሁለት እጁን ለወጌሻዋ ይሰጣል። እሷ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ አንጓውን ትዳስስና ወይ «ይግባ» ወይ «ይቅር» ትላለች። ይቅር ካለች አሰልጣኝም ዳኛም አይመልሰውም። እንዲህ ያለ ደንብ የትም የለም ይሉ ነበር የሚመጡት ቡድኖች። ከአርሲ በኩል፣ ከወላይታ፣ ከጋምቤላ፣ ከሐረር ይመጡ ነበር። ቋንቋችን ባይገናኝም እጃቸውን ሲሰጡኝ ይገባኛል።

እሜቴ አንጓች ሲያርፉ በሩ ለኔ ሆነ። ደብረ ታቦርም፣ ባሕር ዳርም፣ አንድ ጊዜም አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ደረቴ ላይ ወረቀት አንጠለጠሉልኝ። «ምን ይላል?» ብላቸው «የሕክምና ባለሙያ» አሉኝ። «ኧረ ወጌሻ ብላችሁ ጻፉ፣ ሰው ሐኪም መስያቸው መርፌ ውጊን እንዳይሉኝ» አልኋቸው። አበሉን በጣት አሻራ እወስድ ነበር። ደህና ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። የሩዝ ጭዱን አነጣጠፍም ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ክንድ ጭድ ይነጠፋል፣ ልጆች ይጨፍሩበታል፣ ሲጠቀጠቅ ሌላ ይጨመራል፣ ሦስት ጊዜ እንዲያ፣ ከላይ ሸራ ይወጠራል። የወደቀ ልጅ እንደ ሊጥ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ ደሳለኝ ልምጣ። አንቺ የምታውቂው ጎልማሳውን ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የአገራችን የፎገራ ቡድን የመጨረሻ ታጋይ። ውድድሩ እኩል ለእኩል ደርሶ ዋንጫው በሱ ግጥሚያ ላይ ቀረ። እጁን ሰጠኝ። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ አንጓው ላይ፣ አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ ታውቂያታለሽ። ጫን አልኋት። ሳቀልኝ። ወደ ታች አየሁ። የእግሩ ጣቶች ጭዱን ጨምድደው ይዘውታል።

አየሁት እኮ። አላየሁም አልልም።

«ታንጉት!» አለ ሃምሳ አለቃ ጎሹ ከሜዳው መሃል። «ሕዝቡ ቆሟል! የሙሽራ እጅ ነው እንዴ እንደዚያ የምታሺው?»

ሜዳው ሁሉ በሳቅ አወካ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እማማ፣ ይግባ በሉኝ። እናቴ እዚያ ቆማ ታየኛለች» አለኝ።

«ይግባ» አልሁ።

አሸነፈ። ተጋጣሚውን የአርሲ ልጅ ወገቡን ይዞ አንሥቶ ጣለው፤ ግን አብሮት ሲወድቅ ክንዱ ከሥር ሆነ። ድምፁን ከበሩ ላይ ሰማሁት፣ ደረቅ እንጨት እንደመስበር ያለ። ሕዝቡ ግን እልልታ ላይ ነው፣ ማን ይሰማል። ተሸክመው አመጡልኝ። ሁለቱም የክንድ አጥንት ነው። መለስሁት። በደንብ ነው የመለስሁት፤ ይኼን ዛሬም እምላለሁ። የሸምበቆ ስንጥር አደረግሁለት። ጨርቅ ብፈልግ አልቋል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስንቱን ሳስር ቆይቻለሁ። ይኼኔ አንዱ ገበሬ «ይኸው ጠፍር!» ብሎ የቀንበሩን የቆዳ ጠፍር ሰጠኝ። ሊያለሰልሰው ውሃ ውስጥ ነክሮት የነበረ፣ እርጥብ።

የገበሬ ልጅ ነኝ። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር አጥቼው ነው? ቀንበርና ሞፈር አንቆ የሚይዘውኮ እንዲያ ሆኖ ነው። እኔ ያንን በልጅ ክንድ ላይ አሰርሁት። አገዳ ላስገባ ጎንበስ ስል ጎረምሶቹ ልጁን ከእጄ ነጥቀው በትከሻቸው አወጡት። እየዘፈኑ ሄዱ። «ነገ አየዋለሁ» አልሁ።

በማግሥቱ በሬ ታረደ። እኔን ከእንግዶቹ መሃል አስቀመጡኝ። ሃምሳ አለቃው ተነሥቶ «የድሉ እናት» ብሎ አስጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ቀን የለም። «ልጁስ?» ብል «ተኝቷል፣ ጀግና ነው፣ ቃል አልወጣውም» አሉኝ። ቃል ካልወጣው ደህና ነው አልሁ። አየሽ? እሜቴ አንጓች ጧት ማታ ሄደው አገዳ የሚስቡት፣ እኔ «አላቃሰተም» ብሎ ሰው ሲነግረኝ አመንሁ። እሱም አላቃሰተም፣ ጀግና አያቃስትም ብለን እኛው አሳድገነው። ጠፍሩ በፀሐይ እየደረቀ፣ እየጠበቀ፣ ልጁ ትራሱን እየነከሰ ሁለት ቀን አደረ።

በሦስተኛው ቀን እናቱ መጣች። እየሮጥሁ ሄድሁ። ጣቶቹ እንደ ዶቅማ ጠቁረዋል። ቀዝቃዛ ናቸው። ጠፍሩን በምላጭ ቀደድሁት፤ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። በመኪና ከተማ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አልጮኸብኝም። «ማን አሰረው?» አለ። «እኔ» አልሁት። «አጥንቱ ደህና ገጥሟል» አለኝ። «ካሰሩት በኋላ ግን ያየው ሰው አልነበረም?»

 እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት።

እናቱ ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እርግማን ጠብቄ ነበር። «ይግባ ስትይው ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «ከገባ በኋላ የት ደረሰ ስትይ ግን አልሰማሁሽም።» ሌላ አላለችም። እስክትሞት ድረስም ሌላ አላለችኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ትለኝ ነበር። ሰላምታዋ ከእርግማን ይከብደኝ ነበር።

ወሬ መንገድ አይዘጋበትም። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ቡድን ግማሽ ነው። ከዚያ ሦስት ሆኑ፣ ከዚያ ሁለት። ሃምሳ አለቃ ጎሹም ሞተ። ጊዜውም ከፋ፣ መንገዱም አልበጀም፣ እውነት ነው። ዋናው ግን እናቶች ልጃቸውን እምቢ ማለታቸው ነው። በመጨረሻ ሸራውን የሩዝ ክምር አለበሱት። ሜዳው ላይ ከብት ዋለበት። እኔም ሰው መያዝ ተውሁ። ሰው ሲመጣብኝ «ሐኪም ቤት ሂዱ» እላለሁ። ወደ ጥጃ ተመለስሁ፣ ወደማይዋሸው።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ነሐሴ፣ ሩዝ አረም ላይ ነን፣ ደሳለኝ ደጄ መጣ። ከዚያ በፊት ከሩቅ ነበር የማየው። በአንድ እጁ ያጭዳል፣ ነዶውን በጥርሱ እየያዘ ያስራል፣ ሚስት አግብቷል፣ ወልዷል። የሸሚዙን ባዶ እጅጌ ወደ ውስጥ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል።

«እማማ ታንጉት፣ ውድድሩን ልመልሰው ነው» አለኝ።

«የቱን?»

«የትግሉን ነዋ። ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ስድስት ቡድን ካመጣህ ዳኛ እንልካለን አሉኝ። ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አሰልጣኞቹ እሺ ብለዋል። የራሴን ቡድን ግን ማግኘት አቃተኝ። የአገራችን እናቶች እምቢ አሉ።»

«ልክ ናቸው።»

«ምን እንደሚሉ ያውቃሉ? ‘ያ እጁ የተቆረጠውን ልጅ አታስታውሱም?’ ይላሉ። እኔ እዚያው ቆሜ! ለኔው ይነግሩኛል!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ለምን ትፈልገዋለህ፣ ልጄ? እጅህን የበላ ነገር እኮ ነው።»

 «እጄን የበላው ትግሉ አይደለም» አለ። «እኔ ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ቀን ሆኜ አላውቅም። ለልጆቹም አንድ ቀን ትኑራቸው። ዛሬ ጎረምሳው ምን ላይ እንደሚውል አላዩም? እኔ እጄን ሰጥቻለሁ። እርስዎ ፊትዎን ይስጡኝ። አብረን እንዙር።»

እምቢ አልሁት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ በሦስተኛው ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

በየመንደሩ ዞርን። በሚያሳፍር ሁኔታ ዞርን ብልሽ ይቀላል። እሱ ባዶ እጅጌውን ይዞ፣ እኔ ይኼን ፊቴን ይዤ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ ሄድን፣ ብዙ እናት እዚያ ይገኛልና። ሴቶቹ ታጥበው ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሸክላ ሠሪዋ ዘውዴ ነበረች፣ የይበልጣል እናት። ይበልጣል ያኔ ከአካባቢው ጎረምሳ የሚጥለው የሌለ ልጅ ነበር።

«እርስዎ አይደሉም ያሰሩት?» አለችኝ፣ ሁሉ እየሰማ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በምን አፍዎ ልጄን ይጠይቁኛል?»

«በዚያው አፌ። ያኔ ይቅር ማለት አቅቶት ነበር። አሁን ይችላል።»

«እንዴት አውቃለሁ?»

«አታውቂም። መጥተሽ በሩ ላይ አጠገቤ ቁሚ።»

ዘውዴ ጸጉሯን እየጨመቀች አሰበች። «እኔ እንስራ ስሸጥ በጣቴ መትቼ ድምፁን አሰማለሁ» አለች። «የተሰነጠቀ ከሆነ እኔው እሰብረዋለሁ እንጂ ለሰው አልሸጥም። ቤቴ ሳልበላ ያደርሁበት ቀን አለ በዚህ። እርስዎም እንደሱ ከሆኑ ልጄን እሰጣለሁ። ካልሆኑ እዚያው ሜዳ ላይ አዋርድዎታለሁ።»

«አዋርጂኝ» አልኋት።

እሷ እሺ ስትል ሌሎቹም እሺ አሉ።

ጥር ደረሰ። ጭድ በዚያ ወር የከብት ቀለብ ነው፣ ገበሬ አይሰጥም። ሰጡ ግን። አንዱ አንድ ሸክም፣ አንዱ ሁለት፣ በአህያም በጋሪም። አነጣጠፉን እንደገና አሳየሁ። ስድስት ቡድን መጣ። ጋምቤላዎቹ ከመኪና ሲወርዱ ደሳለኝ በአንድ እጁ እያቀፈ ያለቅስ ነበር። ከአዲስ አበባ ስለ ስፖርቱ የመጡት ሁለት ሰዎች ደግሞ «ዘንድሮ አይተን ነው ይቀጥል አይቀጥል የምንለው» ብለውታል። እሱን ለኔም ነገረኝ፣ ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ሦስተኛው ቀን። እንደ ድሮው እኩል ለእኩል ሆነው ዋንጫው በአንድ ግጥሚያ ላይ ቀረ። የኛ ታጋይ ይበልጣል ነው። ሰው ከተራራው፣ ከጣራ ገዳም በኩል እንኳ ወርዶ ሜዳውን ሞልቶታል። ልጁ እጁን ሰጠኝ። እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁ። ግራውን ያዝሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያኛውን። አንጓው ላይ፣ ያቺን ጎድጓዳ ቦታ ጫን አልሁ።

ሳቀልኝ።

የእግሩ ጣቶች ጭዱን ጨመደዱ።

የሺ፣ ያን ጊዜ የሆንሁትን ልነግርሽ አልችልም። ያው ሜዳ፣ ያው በር፣ ያው ሳቅ። እግዚአብሔር ፈተናውን እንደገና ጻፈልኝ አልሁ።

«ይቅር» አልሁ።

መጀመሪያ ሰው አልሰማም። «ይቅር!» አልሁ ጮክ ብዬ። ከዚያ ፉጨቱ ተነሣ። «እማማ፣ ደህና ነኝ እኮ!» ይላል ልጁ። ደሳለኝ ከዳኞቹ ዘንድ እየሮጠ መጣ። 

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«አንጓው ተነክቷል። ይቅር።»

«ካልገባ በፎርፌ እንሸነፋለን። ሰዎቹ እያዩ! የኛው ቡድን በኛው ሜዳ ሳይታገል ቢቀር ውድድሩን ማን ይመልሰዋል? አምስት ደቂቃ ናት። በጨርቅ ጠበቅ አርገው ይሰሩለትና ይግባ። እለምንዎታለሁ።»

እሱ ነው ይኼን የሚለው። ደሳለኝ።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትለምነኝ?» አልሁት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ዘውዴ አጠገቤ ነበረች። እሱ ወደ ታች አየ፣ ወደ እጅጌው አይደለም፣ ወደ ልጁ እግር። እሱም ያውቃል የእግር ጣትን፤ በየመንደሩ ስንዞር ነግሬው ነበር።  ከዚያ ዞሮ ሄደና የድምፅ ማጉያውን ከሰውየው እጅ ወስዶ «የፎገራ ታጋይ በወጌሻዋ ቃል ቀርቷል» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። 

ዋንጫው ሄደ። አንዱ ጓል ወረወረብኝ፣ ትከሻዬን አገኘኝ። «ይቺ አሮጊት ድሮ እጅ አስቆረጠች፣ ዛሬ ደግሞ ዋንጫ!» አለ ሌላው። ዘውዴ ልጇን በደህናው እጁ ይዛ በሰው መሃል ሰንጥቃ ወጣች። እኔን አላየችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎችም ምንም ሳይሉ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ይበልጣልን ሐኪም ቤት አጥንቱን ፎቶ አነሡት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። እኔ ግን ያን ዓመት ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። ገበያ ስወጣ ወጣቶች ይጠቋቆሙብኛል። ይኼን ውድድር ሁለት ጊዜ ገደልሁት እላለሁ ለራሴ፤ አንድ ጊዜ ይግባ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ይቅር ብዬ። ደሳለኝም አልመጣም። እንዴት ይምጣ፣ እንደዚያ ብዬው።

በሚቀጥለው ጥር ደጄ ላይ ጭድ የጫነ አህያ ቆሞ አገኘሁ። የነዳው ደሳለኝ ነው።

«ይነሡ፣ አነጣጠፉን ያበላሹታል ልጆቹ» አለኝ።

«ውድድሩ አለ?»

«ዘጠኝ ቡድን።»

አላመንሁም፣ ሜዳው ድረስ ሄጄ መኪናዎቹን በዓይኔ አየሁ። የወላይታው አሰልጣኝ ሰላም ሊለኝ መጣ። «እኛ አገር እናቶች አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፣ እማማ» አለኝ። «ያቺ ይቅር የምትለዋ አሮጊት አለች ወይ? አሉኝ። አለች አልኋቸው። ልጆቻቸውን ሰጡኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የተመለሰው። ሰው እኔን ወይም ደሳለኝን ያመሰግናል። ያቺን ጨክና ያመነችኝን ሸክላ ሠሪ ግን ማንም አያነሣትም፤ አንቺ ጻፊልኝ፣ ዘውዴ ትባላለች።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። እጄ መንቀጥቀጡን ልኬበት ደሳለኝ ሲመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወርደሻል። ተቀመጠ። ስለ አንቺ አወራን፣ ተስማማን። ሊነሣ ነው ብል አልተነሣም።

«ስንት ሺህ ሰው ይዘዋል፣ እማማ» አለኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን አልያዙኝም።»



ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ። «ከዚህ አይደል የሚጀመረው?»

«እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ፣ ልጄ።»

«ይንቀጥቀጥ።»

እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆየሁ። ከዚያ ደህናውን ያዝሁት። የሁለት እጅ ሥራ የሠራ እጅ ነው፣ መዳፉ እንደ ማረሻ ሆኗል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አወቅኋቸው። እሱ ጎንበስ ብሎ የኮንጎ ጫማውን አወለቀ፣ ማንም ሳያዘው። የመርፌ ቁልፉን ፈታ፣ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ። የተቆረጠውን ጫፍ፣ የጠባሳውን ሸንተረር ያዝሁት።

የእግሩ ጣቶች መሬቱን ቆነጠጡ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም። ብርድ ሲሆን ትንሿ ጣቴ ትበላኛለች፣ የሌለችው።»

እጄን አላነሣሁም። ቅቤ እንኳ አልያዝሁም፣ እንዲሁ በባዶ መዳፌ አሸሁት። ወደ ፊቱ አላየሁም፤ ወደ መሬት ነው ያየሁት። ቆይቶ ቆይቶ የእግሩ ጣቶች ተፈቱ፣ አንድ በአንድ። ትንሿ በመጨረሻ።